የጎርፉ ዓመት ሳር

በዚያ ዓመት የኦስክላፍ ከተማ እግር ኳስ ክለብ እስከ ገና ድረስ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ከገና በኋላ ሁለት አሸነፈ። አሰልጣኝ ሦስቴ ተቀየረ፤ የመጨረሻው አሰልጣኝ፣ ደጋፊው ስሙን ሳይለምደው፣ ሄደ። በረኛው በጥር እጁ ተሰበረ፤ ምትክ አልመጣለትም። በየካቲት የሰሜኑ መቀመጫ ጣሪያ ማፍሰስ ጀመረ፤ የጠገነው የለም። በመጋቢት ተጫዋቾቹ ማሊያቸውን እየቤታቸው ወስደው ማጠብ ጀመሩ። በሚያዝያ ክለቡ ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። በግንቦት የስታዲየሙ በር ላይ ሰንሰለት ገባ።

ክሌም ሃርግሪቭስ ይህን ሁሉ ከሰሜኑ መግቢያ ሆኖ አየ። ዕድሜ ልኩን አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ በሩን ይጠብቅ ነበር። ብዙ አይናገርም። በር የሚጠብቅ ሰው ሥራው ማየት ነው።

የክለቡን ባለቤት ዴሚየን ቶርፕንም መጀመሪያ ያየው እሱ ነው። ቶርፕ ከደቡብ የመጣ ሰው ነው። ሀብቱን ያፈራው የመኪና ማቆሚያ በማከራየት ነው። የመኪና ማቆሚያ የሚያከራይ ሰው ሰፊ ሜዳ ሲያይ ምን እንደሚታየው ለመገመት መማር አያስፈልግም ነበር፤ ሆኖም ኦስክላፍ ውስጥ ማንም አልገመተም። ከእሱ በፊት ክለቡን የያዘው ኮሚቴ ነበር። አንድ ሥጋ ሻጭ፣ አንድ አስተማሪ፣ አንድ ሬሳ ሳጥን ሠሪ፣ ሌሎችም። ሲጨቃጨቁ ይውላሉ፤ ሲኮራረፉ ይከርማሉ። ክለቡ በእነሱ ጊዜ ትልቅ አልነበረም። ግን ነበረ።

ቶርፕ በክለቡ አዳራሽ ሕዝቡን ሰብስቦ ያነጋገረ ዕለት አንገቱ ላይ የኦስክላፍን ስካርፍ ጠምጥሞ ነበር። የሱቁ የዋጋ ወረቀት ገና ከጫፉ አልተቆረጠም።

«ጓደኞቼ፣ ከዛሬ ጀምሮ ቤተሰብ ነን» አለ። «ኦስክላፍ ትልቅ ክለብ ነው። ትልቅነቱን ያላወቀው ራሱ ብቻ ነው።»

ከሜዳው በስተኋላ ፓይ፣ በሊጥ ተሸፍኖ የተጋገረ ሥጋ፣ የምትሸጠው ማቪስ እጇን አወጣች። ለማንም የማትመለስ ሴት ናት። «የኔ ልጅ፣ ትልቅ ማለት ምን ማለት ነው?»

«ማሊያችንን ማሌዥያ ውስጥ የሚለብሰው ሰው ሲኖር ማለት ነው።»

«ማሌዥያ ያለው ሰውዬ ማክሰኞ ማታ በዝናብ ይመጣል?»

«መምጣት አይጠበቅበትም። እዚያው ሆኖ ያየናል።»

«ታዲያ ፓዬን ማን ይብላው?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ቶርፕም ሳቀ፤ ከሁሉም አብልጦ ሳቀ። ከዚያ ስለ ዋንጫ፣ ስለ አዲስ መብራት፣ በቴሌቪዥን ስለ መታየት አወራ። ከአፉ ማር ጠብ ይል ነበር። ክለቡን ለመሸጥ የሚስማማ እጁን ያውጣ ሲባል የሳቀው ሁሉ እጁን አወጣ። ማቪስም አወጣች። ትልቅ ትሆናላችሁ ሲሉት እምቢ የሚል ሰው ጥቂት ነው። ክሌም እጁን ከኪሱ አላወጣም። ማን እንዳወጣ ግን አየ።

ቶርፕ መጀመሪያ ያደረገው ክለቡን በአንድ ኪሱ፣ ሜዳውን በሌላ ኪሱ መክተት ነበር። በወረቀት ሁለት ባለቤት ሆኑ፤ ሁለቱም እሱ ነው። ከዚያ በኋላ ኦስክላፍ በገዛ ሜዳው ተከራይ ሆነ። ቀጥሎ የማሊያውን ቀለም ቀየረ። ቡናማውና ቢጫው ለዓይን አይማርክም ተባለና ጥቁርና ብርማ ሆነ። ቀጥሎ ሳሩን ሊነቅል ተነሳ። በፕላስቲክ ሳር ተተክቶ ሜዳው በሰዓት ሊከራይ ነው።

ክሌም ወደ ቢሮ የሄደው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

«ሚስተር ቶርፕ፣ እዚያ ሰዎች አሉ።»

«የት?»

«ከሳሩ ሥር።»

ቶርፕ ቀና ብሎ አየው፤ ክሌም አስረዳው። ኦስክላፍ ውስጥ ሰው ሲሞት አስከሬኑ ይቃጠልና አመዱ የሚወደው ጎል ፊት ይበተናል። ጸሎት ይደረጋል፣ ቢራ ይጠጣል፣ በማግሥቱ ጨዋታ አለ። የክሌም ሚስት ዶሪን በሰሜኑ ጎል ግራ ቋሚ አጠገብ ናት። ቦታውን የመረጠችው ራሷ ናት፤ ከዚያ ሆና ኳስ ያለፈውን በረኛ ሁሉ ትሰድብ ነበር። ክሌምም ተራው ሲደርስ እዚያው ሊገባ ቃል ሰጥቷታል።

«የመቃብር ፈቃድ አላችሁ?» አለ ቶርፕ።

«ፈቃድ ምን ያደርጋል? የእኛው ሜዳ ነው።»

«ነበር» አለ ቶርፕ፤ ፈገግ እንዳለ። «ክሌም፣ ይገባኛል። የትዝታ ግድግዳ እናሠራለን። ስሟን በናስ ላይ ታጽፋለህ። ለአንተ ቅናሽ አደርግልሃለሁ።»

«ግድግዳ አትወድም ነበር» አለ ክሌም። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ሳሩን ከነአፈሩ ነቅለው በከባድ መኪና ጭነው ወስደው ከከተማው ውጭ ለሚሠራ መንገድ መሙያ ደፉት። ክሌም በሩ አጠገብ ቆሞ መኪኖቹ ሲያልፉ አየ። አላለቀሰም፤ አልተሳደበም። ዶሪንን የያዘው የትኛው መኪና እንደሆነ ለማወቅ ሞክሮ አልቻለም።

ከዚህ በኋላ የመጣው ያ ክፉ ዓመት ነው። ሰንሰለቱ በገባበት ሳምንት ፕላስቲኩም ተጠቀለለና መሬቱ አስፋልት ለበሰ። አሁን መኪና ይቆምበታል። አንድ ነገር ይመሰገናል፤ መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ቶርፕ ባሕር ዳርቻ ወዳለ ሌላ ከተማ ሄዶ ሌላ ክለብ ገዛ። እዚያም ስካርፍ አጠለቁለት።

በሰኔ የቀሩት ሰዎች በአሮጌው ጸሎት ቤት ተሰበሰቡ። ብዙ አልነበሩም። ትልቅ ክለብ ሲደግፍ የነበረው ሁሉ ሌላ ትልቅ ክለብ ፍለጋ ሄዷል። የቀሩት አዲስ ክለብ አቋቋሙ፤ ስሙ ያው ኦስክላፍ፣ ቀለሙ ቡናማና ቢጫ። አስተማሪው ደንቡን አነበበ፦ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ። ሁለተኛ መግዛት የለም።

«ንጉሡ ቢመጣስ?» አለ አንዱ ከኋላ።

«አንድ» አለች ማቪስ። «ፓይም እንደ ሰው ተሰልፎ ይገዛል።»

ክሌም ዞር ብሎ አያት። «አንቺ ባለፈው እጅሽ ሽቅብ ነበር።»

«ነበር። አሁን ደግሞ አፌ ነው ሽቅብ። ዝም በል አንተ ሽማግሌ።»

ማዘጋጃ ቤቱ ከጋዝ ፋብሪካው ጀርባ ያለውን መስክ ሰጣቸው። ጎሎቹን ራሳቸው አቆሙ። ነገር ግን መስኩ ሰፈሩ በየዓመቱ በኅዳር ለበዓል ትልቅ እሳት የሚያነድበት ነው። አንደኛው ጎል ፊት ከዘመናት ቃጠሎ የተነሳ መሬቱ ጠቁሮ እንደ ጡብ ደርቋል፤ ሳር አይበቅልበትም። ቆፈሩት፣ ዘር ዘሩበት፣ አልያዘም። የሊጉ ተቆጣጣሪ መጥታ በጫማዋ ጫፍ ነካችው።

«እዚህ ላይ በረኛ ቢወድቅ ጉልበቱ ይሰነጠቃል» አለች። «እስከ ሰኞ ሳር ካልለበሰ በዚህ ዓመት ሊግ ውስጥ የላችሁም።»

«ለሚቀጥለው ዓመትስ?» አለ አስተማሪው።

«የሚቀጥለው ዓመት ሰልፍ ረጅም ነው። ቃል አልገባም።»

ከነአፈሩ የሚሸጥ ሳር የት እንደሚገኝ ጠየቁ፤ የተጠራላቸው ዋጋ ግን ከአቅማቸው በላይ ነበር። ያን ማታ ክሌም አልጋው ላይ ተቀምጦ አሰበ። አንድ ዓመት ቢቀር ከቀሩት ግማሾቹ ይበተናሉ። ክለብ ከሌለ ሜዳ የለም። ሜዳ ከሌለ፣ ዶሪን መንገድ ሥር፣ እሱ ደግሞ የትም።

በማግሥቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሽቅብ ወደ ሬይቨንሾ ወጣ።

ሬይቨንሾ ተራራው ላይ ያለች ከተማ ናት። የሁለቱ ከተሞች ክለቦች አባት ለልጅ እያወረሰ ሲጠላሉ ኖረዋል። በጎርፉ ዓመት፣ ክሌም ገና ሕፃን ሳለ፣ ተራራውን አቋርጦ የሚወርደው ወንዝ ሞልቶ የሬይቨንሾን ሜዳ እኩሌታ ጠርጎ ወሰደው። ያን ጊዜ የኦስክላፍ ሜዳ ጠባቂ የነበረው የክሌም አባት ከገዛ ሜዳው ጎል በስተኋላ ያለውን ሳር ከነአፈሩ ቆርጦ፣ በፈረስ ጋሪ ጭኖ ወስዶ አነጠፈላቸው። ሜዳችን ሲደርቅ እንመልሳለን አሉ ሬይቨንሾዎች። አልመለሱም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ በተጋጠሙ ቁጥር የኦስክላፍ ደጋፊ «ሳራችን የት አለ?» እያለ ይዘፍናል፤ የሬይቨንሾ ደጋፊ «ላሞቻችን በሉት!» ይላል። መልሱ ብሎ ከልቡ የጠየቀ የለም። ቢመልሱት ምን ተብሎ ይዘፈናል?

የሬይቨንሾው ሜዳ ጠባቂ ሆሬስ ብሪግስ መስመር እየቀባ ነበር። በክሌም ዕድሜ ነው፤ ከንፈሩ የተሰፋ የሚመስል ሰው ነው። ክሌምን አይቶ ብሩሹን አላስቀመጠም።

«መንገድ ጠፋህ?»

«አልጠፋኝም። ሜዳችሁን ለአንድ ዓመት አውሱን። እናንተ ውጭ በምትጫወቱበት ቅዳሜ ብቻ።»

«አይሆንም።»

«የምትጠይቀው አለቃ የለህም?»

«ለዚህ አለቃ አያስፈልግም። የራሳችን ልጆች ሲረግጡት እንኳ ሆዴን ይቆርጠኛል። የእናንተዎቹ ደግሞ ኳስ መምታት ስለማይችሉ መሬቱን ነው የሚመቱት።»

«አባቴ እንዲህ አላላችሁም ነበር።»

ሆሬስ መስመሩን ጨርሶ ቀና አለ። «አላለም» አለ። ከዚያ ብሩሹን አስቀምጦ፣ «ያ ሰውዬ ሳሩን ሁሉ ነው የነቀለው?»

«ሁሉንም።»

«ከጎሉ ኋላ ያለውንም?»

«ሁሉንም አልኩህ። አንድ ጭብጥ አልቀረም።»

«እንግዲያው ሂድ፤ አውቶቡሱ ያመልጥሃል» አለና ጀርባውን ሰጠው።

ክሌም ቁልቁል ሲወርድ ሙሉ መንገዱን በመስኮቱ አላየም። ለምኖ አያውቅም፤ የለመነውም ሬይቨንሾን ነው። ለማንም ሳይናገር ቅዳሜ ጠዋት መስኩ ላይ ሄዶ የጠቆረውን መሬት በዶማ ይመታ ጀመር። ሌላ የሚያደርገው አልነበረውም። ማቪስ ትኩስ ፓይ በወረቀት ጠቅልላ አመጣችለት፤ አልበላም።

የትራክተሩ ድምፅ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ከጋዝ ፋብሪካው ማዶ ዞሮ መጣ፤ ተሳቢው ላይ አረንጓዴ ጥቅል ተደርድሯል። የሬይቨንሾ ቀይ ስካርፍ ያጠለቁ ሰዎች ጥቅሉ ላይ ተቀምጠዋል። ይነዳ የነበረው ሆሬስ ነው። ወርዶ ወደ ክሌም መጣ፤ ሰላም አላለም።

«አባትህ ካነጠፈው፣ ከጎላችን ፊት የነበረው በእግር አልቋል» አለ። «የማዕዘኑ ግን ያው ነው። ዘር አልዘራሁበትም፤ ከሌላው ጋር አንድ ላይ አጭጄው አላውቅም። አባቴ ይህ የሰው ነው ይል ነበር።»

ክሌም ወደ ተሳቢው ሄዶ አንዱን ጥቅል በእጁ ከፈተው። ከሥሩ ያለው አፈር ጥቁር ነው፤ የሬይቨንሾ አፈር ቀይ ነው። በአባቱ አካፋ የተቆረጠ፣ ቶርፕ ያልደረሰበት፣ ከኦስክላፍ ሜዳ በዓለም ላይ የቀረው ይኸው ብቻ ነው።

«የእናንተ ማዕዘን ምን ሊሆን ነው?» አለ።

«ከሱቅ ገዝተን አነጠፍን። እናንተ ሳር መግዣ የላችሁም፤ እኛ አለን» አለ ሆሬስ። «አሁን እንግዲህ ምን እንደምትዘፍኑ አያለሁ።»

እስከ ቀትር አነጠፉት። ቀይ ስካርፍና ቡናማ ስካርፍ ጎን ለጎን ተንበረከከ፤ መሰዳደቡ አልቆመም። ዝናቡም እንደ ልማዱ መጥቶ አጠጣላቸው። ማቪስ ለሬይቨንሾዎች ፓይ ስታድል፣ «የጠላት ሆድ ነው፤ ቢያማችሁ አልጠየቅም» ትል ነበር። ሲጨርሱ ክሌም በግራው ቋሚ አጠገብ ቆሞ መሬቱን በጫማው ፈተነው።

«ማቪስ፣ እኔን እዚህ» አለ።

«ገና አልሞትክም። መጀመሪያ ፓይህን ብላ።»

ሆሬስ የመጨረሻውን ቁራጭ አስቀምጦ በቦት ጫማው ሦስት ጊዜ ረገጠው። ከዳር የምትተርፍ ጠባብ ባዶ ቦታ ነበረች። ክሌም ጎንበስ ብሎ አያት።

«ይጎድላል።»

«ላሞቹ በሉት» አለ ሆሬስ።

ክሌም አፈር የነካውን እጁን በሱሪው ጠርጎ ዘረጋለት።

«ከነጉድለቱ ተቀብያለሁ» አለ።