ዘጠነኛዋ ደረጃ

አከራዩ ሰባተኛ ፎቅ ሲደርስ ትንፋሹ ከራሱ ቀድሞ ገባ። "እግዚአብሔር..." አለና የበሩን መቃን ተደገፈ። "...ያጽናችሁ።" ለቀስተኞቹ ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። የሕንፃው ባለቤት ነዋ! ለባለ ሕንፃ በሐዘን ቤትም ቢሆን ወንበር ቶሎ ይገኛል። እሱ ግን የተለቀቀለትን ወንበር አልፎ፣ ጥግ ወደተቀመጠው ወደ ሟቹ ታናሽ ወንድም ሄደና ጎኑ ሽጉጥ አለ።

ታናሽየው የሻይ ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ሦስት ቀን ሙሉ ይህን ሰው በፍርሃት ሲጠብቅ ነው የከረመው። ደረጃው ላይ የወንድ ኮቴ በሰማ ቁጥር "መጣ" እያለ፣ ሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ "ተመስገን" እያለ፣ ለወንድሙ የሚያለቅስበት ፋታ እንኳ አላገኘም። ይኸው መጣ።

"ወንድምህ ደግ ሰው ነበር" አለ አከራዩ ላቡን በመሀረብ እየጠረገ። "ግን ጨረሰኝ። ሊፍት እያለ ሰባት ፎቅ በእግር! ሁለት ወር ሙሉ!"

"ምን ይደረግ ጋሼ።"

"የሚደረግማ አለ።" ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። "መሥሪያ ቤታችሁ ደውዬ ነበር። የእሱን ሥራ አንተ ተረክበሃል አሉኝ። እሰየው አልኩ። አንተ እንኳ ነገር ይገባሃል።"

ወንድማማቾቹ ሁለቱም የሊፍት ተቆጣጣሪዎች ነበሩ፤ አንድ መሥሪያ ቤት፣ ጎን ለጎን ጠረጴዛ። ያለ እነሱ ፊርማ ሊፍት ሰው አይጭንም። ታላቅየውን ታዲያ እዚያ በስሙ የሚጠራው አልነበረም፤ "አይፈርሜ" ነበር የሚሉት። ወረቀት ሲቀርብለት እስክሪብቶ ከማንሳቱ በፊት ዐይኑን ጨፍኖ ይጸልያል። አጭር ጸሎት ናት፤ ሰው ሁለት ጊዜ እስኪያስነጥስ ብትቆይ ነው። "ለሊፍትም ይጸለያል እንዴ?" ብለው ሲያላግጡበት "ለሊፍቱ አይደለም፣ ለሚገቡበት ነው" ይላል። ከዚያ ሞተሩ ድረስ ይወጣል፣ ገመዱን በእጁ ይዳስሳል፣ ካልጣመው አይፈርምም። ቢለምኑት አይፈርምም። ቢያስፈራሩት አይፈርምም። ሥራ ነው ይበሉት እንጂ፣ እሱ የሚፈርመው እግዚአብሔር ፊት ቆሞ ነበር።

ይህ ነገር በነጻ የሚገኝ እንዳይመስላችሁ። ዕድገት ሲመጣ ስሙ ይዘለላል። ግብዣ ሲኖር አይጠራም። ሩቅ የሆነና ጸሐይ የሚያቃጥልበት ሥራ ሲመጣ ግን ሁሉም ስሙን ያስታውሳሉ። አሥራ ስምንት ዓመት በአንድ ወንበር፣ በአንድ ጃኬት። ሚስቱ "አንተ ትጸድቃለህ፣ የምንደክመው እኛ!" ትለው ነበር፤ ቀልድ አስመስላ፣ የምሯን።

ከሁለት ወር በፊት ደግሞ የባሰው መጣ። የራሱ የሚኖርበት ሕንፃ ሊፍት ምርመራ ደረሰ። ወጣ፣ አየ፣ ወረደ፤ በሩ ላይ "አገልግሎት አይሰጥም" የሚለውን ቀይ ወረቀት ለጠፈ። ጎረቤቱ ሁሉ ተነሳበት። "ሰው የራሱን ደጅ ይዘጋል? ምን ዓይነት እርግማን ነው!" አሉ። እሱ አልተከራከረም። "የዘጋሁት እኔ ነኝ" አለና የሰዉን ሸክም ያመላልስ ጀመር፤ የጋዝ ሲሊንደር፣ የዱቄት ከረጢት፣ አንድ ጊዜማ ቁም ሣጥን። አምስተኛ ፎቅ የሚኖሩትን ጡረተኛ አዋላጅ፣ ጉልበታቸው የከዳቸውን እማማን፣ ጠዋት ጠዋት አዝሎ ጸሐይ ያወርዳቸዋል፤ ከሥራ ሲመለስ አዝሎ ያወጣቸዋል። "ፈረሴ" ነበር የሚሉት። "ይህን ሕንፃ ከሞላው ሰው ግማሹን ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ የሚሸከመኝ ግን አንድ ፈረስ ብቻ!" እያሉ ደረጃው እስኪያስተጋባ ይስቃሉ።

ሰኞ ማምሻውን እማማን ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸው። "ተባረክ" አሉት። ወደ ቤቱ መውጣት ጀመረ። ከአምስተኛው ወደ ስድስተኛው ሲወጣ ዘጠነኛዋ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። በዚያው ቀረ። ሲያገኙት እጁ የደረጃውን ብረት እንደያዘ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ታናሽየው በወጣና በወረደ ቁጥር ያቺን ደረጃ ሳይረግጥ ይዘላታል።

"ትሰማኛለህ?" አለ አከራዩ። "ከበድ ያለ ነገር አይደለም የምልህ። ባለፈው ዓመት እንደፈረምከው መፈረም ነው።" የኮቱን ገበር ገለጥ አድርጎ የተጣጠፈ ወረቀት ጫፍ አሳየው። ታናሽየው የራሱን ፊርማ ከሩቅ ለየው። "ይቺ እኔ ጋ ናት። የወንድምህ ሚስትም የምትኖረው እኔ ቤት ነው። ተሳስበን ብንኖር ምናለበት?"

ታናሽየው ዐይኑን ከወረቀቱ አላነሳም።

ባለፈው ዓመት የነበረው ሙቀት ነው መጀመሪያ ትዝ ያለው። ላብ በላብ ሆኖ አከራዩ ቢሮ ምድር ቤት ገባ። ቀዝቃዛ ለስላሳ ከፈቱለት። "እስከ ጣሪያ ድረስ በዚህ ሙቀት? አምናም ደህና ነበር፣ ዘንድሮም ደህና ነው" አለው አከራዩ። አለቃውም "እዚያ ሰውዬ ጋ ነገር አታክርር" ብሎት ነበር። ለስላሳው ሳያልቅ ፈረመ። በቃ፣ ይኸው ነው። እሑድ መዘምራን መሀል ቆሞ ዘመረ፤ ድምፁም አልተሰበረም።

ወንድሙ ሊፍቱን የዘጋ ዕለት የሞተሩ ክፍል አስጠርቶት ነበር። አንድ ቁራጭ ጨርቅ በብረት ገመዱ ላይ አስኬደ። ጨርቁ ሦስት ቦታ ተነክሶ ተቀደደ፤ የተበጠሱት ሽቦዎች እንደ ጃርት ቆመዋል። ከዚያ ያለፈውን ዓመት ወረቀት ቅጂ አወጣና የወንድሙን ፊርማ አተኩሮ አየው።

"ወጥተህ አይተኸዋል?"

ታናሽየው አንገቱን ደፋ።

"ወይኔ ወንድሜ!" አለ፤ ሌላ አልተቆጣም። የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ "ሰው ከጠየቀኝ እንደማልዋሽ ታውቃለህ" አለው። "ሳይጠይቁኝ አንተው ሄደህ ንገራቸው። አብሬህ እሄዳለሁ። ቢያባርሩህም አብረን እንበላለን።"

እሑድ በመጣ ቁጥር ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ "ሄድክ?" ይለዋል። "በሚቀጥለው ሳምንት።" ስምንት እሑድ እንዲህ አለፈ። ሰኞ ማታ ስልክ ተደውሎ "ወንድምህ..." ሲሉት፣ እንባው ከመምጣቱ በፊት በሆዱ ሽው ያለች አንዲት ቃል አለች፤ "ተገላገልኩ" የምትል። ከአከራዩም ከእስርም ይልቅ የሚፈራው ይህችን ቃል ነው። ጸሎት ሲጀምር እሷ ትቀድመዋለች።

የሟቹ ሚስት የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ መጣች። ዐይኗ አብጧል። አከራዩን አየች፣ ታናሽየውን አየች።

"ስለ ሊፍቱ ነው?"

"እስቲ አንቺም ንገሪው እህቴ" አለ አከራዩ። "ለቀስተኛው በእግር አለቀ።"

ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። "አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለችው ለታናሽየው፣ ቀስ ብላ። "አንተ አምና ደህና ነው ብለህ ፈርመህ የለም? እሱ ዘንድሮ ይዘጋል። በአንድ ዓመት እንዲህ ይበላሻል? ሰው ሲወጣ ሲወርድ በጆሮዬ ይረግመዋል። አክራሪ ነው፣ ግትር ነው ይላሉ። እኔም ተጨቃጭቄዋለሁ። የሞተ ዕለት ጠዋት እንኳ ሳላናግረው ነው የወጣው። እውነቱን ንገረኝ፤ አካብዶት ነው?"

አንድ ቃል ነበር የሚበቃት።  የአከራዩ ትከሻ ትከሻውን ነካ አደረገው።

"እኔ... ቆይ እስቲ፣ እንነጋገራለን" አላት።

ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ዞረች። ፊቷ ላይ የነበረው ነገር አንጀቱን በላው፤ ባሏን በልቧ ጥፋተኛ አድርጋ እየቀበረች ነው። ጥፋተኛ ያስመሰለው ደግሞ ማን ሆነና!

በዚህ መሀል ከግድግዳው ውስጥ ግርርር የሚል ድምፅ መጣ። ወሬው ሁሉ ቆመ። ሁለት ወር ሙሉ ያልተሰማ ድምፅ ነው።

"እሰይ!" አለ አንድ ለቀስተኛ። "ሊፍቱ!"

አከራዩ ፈገግ አለ። "ዘበኛውን ክፈተው አልኩት፤ ለሐዘንተኛ ብዬ ነው። ፊርማው ይደርሳል። አምስተኛ ፎቅ ያሉትን እማማን አምጣቸው ብዬዋለሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ 'ለለቅሶው ሳልደርስለት ልቀር ነው ወይ' እያሉ ሲያለቅሱ አንጀቴን በሉኝ።"

ታናሽየው ሻዩ መሬት ሲወድቅ አልሰማም። ኮሪደሩ ላይ፣ ከሊፍቱ በር በላይ፣ ቀዩ ቁጥር ይቀያየራል፤ ሁለት፣ ሦስት። ሮጠ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ፣ ዘጠነኛዋን እንኳ በዚያ ሩጫ መሀል እየዘለለ ወረደ።

አምስተኛ ፎቅ በሩ ተከፍቷል። ዘበኛው ውስጥ ቆሞ እጁን ዘርግቷል፤ እማማ ከዘራቸውን አስገብተው አንድ እግራቸውን አንስተዋል።

"እማማ ይውጡ!"

"ሳልገባ ነው የምወጣው?"

በሩ መሀል ተጋረጠ። ዘበኛውን ክንዱን ይዞ ጎትቶ አወጣው፤ እማማን ወደ ኋላ መለሳቸው። ባዶው የሊፍት ሳጥን በተበላው ገመዱ ላይ ነጠር ነጠር አለ። የብረት ሲጥሲጥታ ከላይ ወረደ።

"ምን ሆነህ ነው? ሠርቷል እኮ!" አለ ዘበኛው።

"አልሠራም። ገመዱ ተበጣጥሷል።"

አከራዩ እያለከለከ ወረደ። ከኋላው የሟቹ ሚስትና ለቀስተኞቹ ደረጃውን ሞልተው ቆሙ። አከራዩ ወረቀቱን ከኮቱ መዘዘ፤ አሁን የሚሸሽገው ነገር የለም።

"ስሙኝ ጎበዝ! አምና ደህና ነው ብሎ የፈረመ ራሱ ነው። ይኸው ፊርማው!"

ሁሉም ወደ ታናሽየው ዞረ። ፍርሃቱ አልለቀቀውም።

"ፈርሜያለሁ" አለ። ድምፁ የራሱ አልመሰለውም። "ሳላይ ነው የፈረምኩት። እታች ቢሮዎ ቁጭ ብዬ፣ ለስላሳ እየጠጣሁ። ወንድሜ አላካበደም። ወጥቶ ያየው እሱ ብቻ ነው።" ቀና ብሎ የወንድሙን ሚስት አያት። "ያውቅ ነበር እትዬ። ሁለት ወር ሙሉ ራሴ እንድናገር ጠበቀኝ። ነገ ጠዋት መሥሪያ ቤት ሄጄ እናገራለሁ።"

"ይህ አፍህ የት እንደሚከትህ ታውቃለህ?" አለ አከራዩ።

"አውቃለሁ ጋሼ። ሁለት ወር ሙሉ ያላስተኛኝ እሱ ነው።"

አከራዩ ወደ ሟቹ ሚስት ዞረ። "አንቺም ቤቴን..."

"ጋሼ" አለች ሴትየዋ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ "ሲወርዱ ቀስ ብለው ይውረዱ። ደረጃው ያዳልጣል።"

ከዚያ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና "ሳላናግረው!" ብላ ጮኸች። ሦስት ቀን ሙሉ እንዲህ አልጮኸችም ነበር። ሴቶቹ ደግፈው ወደ ላይ አወጧት።

ታናሽየው ዘበኛው ገንጥሎ ኪሱ የከተተውን ቀይ ወረቀት ተቀብሎ በሩ ላይ መልሶ ለጠፈው። ከዚያ እማማ ፊት በርከክ አለ።

"ይያዙኝ።"

"አንተ?" አሉ እማማ። "አንተ ለመዝሙር እንጂ ለጭነት የተፈጠርክ አትመስልም።" አሉ እንጂ ክንዳቸው አንገቱን አቅፎ ነበር።

ከጠበቀው በላይ ከበዱት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስምንተኛዋ ላይ ቆመ። ዘጠነኛዋ ፊት ለፊቱ ናት። ሰው አዝሎ መዝለል አይቻልም።

"እዚች ጋ ነው አይደል?" አሉ እማማ ጆሮው ሥር። "ሲቀመጥ ሰምቼው ነበር። ሊያርፍ ነው አልኩ እኔ ሞኟ።"

"ፈራሁ እማማ።"

"ልብህ ጀርባህን ሊሰነጥቀው ነው፣ ይሰማኛል። የእሱም እንዲሁ ነበር። አንድ ቀን 'ፈረሴ፣ ደክሞህ ነው?' ብለው 'አይ፣ ቤት ያሳጡኛል ብዬ ነው' አለኝ። ጠዋት ማታ ይፈራ ነበር እኮ። ሰው ነበር እንጂ መልአክ መሰለህ?"

ይህን ወንድሙ አንድም ቀን አልነገረውም ነበር። ታናሽየው ብረቱን ያዘ፤ ወንድሙ ይዞት የነበረውን ብረት። እንባው አሁን መጣ፣ ያቺ ቃል ሳትቀድመው። እማማ በሻሻቸው ጫፍ ከኋላ ሆነው በዘፈቀደ ጠረጉለት፤ ዐይኑን ስተው ጆሮውን።

እግሩን አነሳና፣ ሙሉ አድርጎ፣ ዘጠነኛዋ ላይ አሳረፈ።