ሀሌታው ወይስ ሐመሩ

በትራንስፎርመር ፋብሪካው ውስጥ የሴትዮዋን ትክክለኛ ስም የሚያውቅ ከደመወዝ ከፋዩ በቀር አልነበረም። ሁሉም «እሜቴ ሐመሩ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት የገዛ አፏ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ጥያቄ ስትጠይቅ ኖራለች፦ «ሀሌታው ነው ሐመሩ?»

ሥራዋ ሥዕል መጠበቅ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ዓይነት አይደለም። ደንበኛው «እንዲህ ያለ ትራንስፎርመር ሥሩልኝ» ሲል ሽቦው ስንት ዙር እንደሚጠመጠም፣ በሁለቱ ሽቦዎች መሐል ኤሌክትሪኩ እንዳይሻገር ስንት ዙር ቢጫ ቴፕ እንደሚገባ፣ ጫፎቹ በየት በኩል እንደሚወጡ ቁልጭ አድርጎ የነደፈበትን ወረቀት ይልካል። እሷ ዋናውን ካዝና ውስጥ ትቆልፍበታለች። ለጠምጣሚዎቹ በፋብሪካው ወረቀት ላይ ታስገለብጥና፣ መሐንዲሱን አስፈርማ «ይሠራበት» የሚል ሰማያዊ ማኅተም ትመታበታለች። ደንበኛው ሐሳቡን በቀየረ ቁጥር ወረቀቱ አዲስ ፊደል ያገኛል፤ መጀመሪያ ሀ፣ ቀጥሎ ለ፣ ሦስተኛው ሐ። አዲሱ ወደ አዳራሹ ሲወርድ አሮጌውን ራሷ ሄዳ ትሰበስባለች፣ «ተሽሯል» የሚል ቀይ ማኅተም ታሳርፍበታለች፣ መመለሱንም መዝገብ ላይ ትፈርማለች።

እንግዲህ ሀ እና ሐ ለዓይን ሁለት፣ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው። ይህን ሳያስብ አሠራሩን ያወጣው ብልህ ማን እንደ ሆነ እንጃ፤ እሷ ስትቀጠር እንዲሁ ነበር የቆየው። «ሐን እንዝለላት» ብላ መሐንዲሱን ሁለት ጊዜ ለምናዋለች። «ደንበኛ ሲመረምረን፣ መሐል ላይ የጎደለው ወረቀት የት ገባ ይለናል» ብሎ መለሳት። ስለዚህ የራሷን ሕግ አወጣች። ፊደሉን በሙሉ ስሙ ያልጠራ ሰው ከእሷ እጅ ወረቀት አያገኝም፤ በስልክም ቢሆን «ሀሌታው» ወይም «ሐመሩ» ሳትል ቃል አይወጣትም።

ልማዱ ከፋብሪካውም ውጭ ተከተላት። የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ሀኪም ቤት» ተብሎ ተጽፎ ካየች ቀይ እስክሪብቶዋን ታወጣና «ሐኪም በሐመሩ ነው» እያለች ታርማለች። ሠራተኛው በሳቅ ይፈርሳል። እሷም አብራ ትስቃለች። አንድ ቀን ወንድሟ እስኪስቅባት ድረስ ነገሩ ከጨዋታ አልፎ አያውቅም።

ታናሽ ወንድሟ በታችኛው አዳራሽ ዋናው ጠምጣሚ ነው። እናታቸው ስትሞት የአራት ዓመት ልጅ ነበር፤ እሷ ናት አዝላ ያሳደገችው። አሁን የሦስት ሴቶች ልጆች አባት ቢሆንም በእሷ ዓይን ያው ጀርባዋ ላይ እንዳለ ነው፤ ቁጣዋም የዚያው ነው። ያን ዕለት በምሳ ሰዓት ሠላሳ ጠምጣሚ በተቀመጠበት «እታለም፣ የሆስፒታሉን አልጋ ወረቀት ቀየሩት ይባላል፤ ሀ ሆነ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

«የትኛው? ሀሌታው ነው ሐመሩ?» አለች እንደ ልማዷ።

«ኧረ በሞቴ!» አለ ማንኪያውን ጥሎ። «ከአንድ ማሕፀን ወጥተን እኔንም ትፈትኚኛለሽ? ይቺ ሴት እኮ ቤቷ ሲቃጠል ብትጠሯት ‹እሳት በየትኛው ሰ ነው?› ሳትል አትነሣም!»

አዳራሹ አውካካ። እሷ ግን ኩም አለች። ሌላ ሰው ቢለው ኖሮ አትቀየምም ነበር። ያጠበችው፣ ያጎረሰችው፣ ሥራውን ራሱን ለምና ያስገባችው ልጅ በሰው ፊት ሲያዋርዳት ሆድ ባሳት። ምሳዋን ሳትጨርስ ተነሥታ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ የአልጋው ሥዕል ሦስተኛ ወረቀት፣ ሐመሩ፣ ወደ አዳራሹ መውረድ ነበረበት፤ ሁለተኛው ሳይወርድ ስለ ተቀየረ አዳራሹ ውስጥ ያለው ገና ሀሌታው ነበር። ትራንስፎርመሩ የበሽተኛ አልጋ በኤሌክትሪክ ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ሳጥን ውስጥ የሚገባ ነው። ደንበኛው በመጀመሪያው ሥዕል ሁለት ዙር ብሎት የነበረውን ቢጫ ቴፕ አራት ዙር አድርጎታል። እሷ ፊቱን ላለማየት ብላ አዲሱን ወረቀት በተላላኪ ላከችው። አሮጌውን ነገ እሰበስባለሁ ብላ፣ ሳትሰበስብ፣ መዝገቡ ላይ «ተመልሷል» ብላ ፈረመች። በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የውስጥ ስልኳ ጮኸ። «እታለም፣ አልጋውን ልጀምር ነው። በየትኛው ልሥራ?» አለ። ድምፁ ለስለስ ያለ ነበር፤ ምናልባት ይቅርታ ሊል ፈልጎ ይሆናል። ያ ለስላሳ ድምፅ ይብሱን አበሳጫት። በልቧ ሐመሩን እያሰበች፣ ስሙን ግን ሆን ብላ ዋጠችው። አልፈትንህም እንግዲህ፣ ደስ ይበልህ፣ ብላ ነው።

«ሀ!» አለችና ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችው።

እሱም መልሶ አልደወለም፤ ኩራት ያዘው። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ወረቀት ነበር፣ ሁለቱም ላይ ሰማያዊ ማኅተም። ሐመሩ ቢሆን ኖሮ እታለም ሐመሩ ሳትል አትቀርም፣ አሮጌውንም ሳትሰበስብ አታድርም ብሎ ሀሌታውን አነሣ። አራት መቶ ትራንስፎርመር በሁለት ዙር ቴፕ ተጠመጠመ። ፍተሻውንም አለፈ፤ አዲስ ሳለ ሁለትም ዙር ይችላል። ወረቀቱ ሥራው ሲያልቅ ወደ መሳቢያው ገባ፤ እህትና ወንድም ታረቁ፤ ስለ ሁለቱ ወረቀቶችም ያነሣ አልነበረም።

ከስምንት ወር በኋላ በአንድ ሐኪም ቤት አንዲት ጽዳት ሠራተኛ ወለል ስትወለውል የአልጋውን ብረት ያዘች። ሙቀትና እርጥበት ቴፑን በልቶት ኖሯል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ ብረቱ ተሻግሮ ያዛት። ነርሶቹ ሲደርሱ ሴትዮዋ ሞታለች። ሁለት ልጆች ነበሯት።

ሳጥኑ ተከፍቶ ቴፑ ሲቆጠር ጉዱ ወጣ። መርማሪው የወንድሟን መሳቢያ አስከፍቶ አሮጌውን ወረቀት አገኘው። መዝገቡ ደግሞ ያ ወረቀት ተመልሷል ይላል። ስለዚህ ጠምጣሚው የተሻረ ሥዕል ደብቆ በመሥራት ነፍስ አጥፍቷል ማለት ነው፤ በፍርድ ቤትም ይጠየቃል። እሱም «የደወለልኝ፣ የደወልኩለት የለም። ራሴ ነኝ ያነሣሁት» ብሎ ቃሉን ሰጠ።

ይህን ስትሰማ ክው አለች። በምርመራው ቀን ወደ ክፍሉ ሲገባ በር ላይ ጠብቃ ክንዱን ያዘችው። «ለምን ዋሸህ?»

«ዝም በይ፣ እታለም» አላት ዞር ብሎ ሳያያት። «አንቺ በዚህ ዕድሜሽ እስር ቤት አትችይውም። እኔ ጉልበት አለኝ።»

«ልጆቹስ?»

«አንቺ አለሽላቸው። እኔን አሳድገሽ የለ?»

ሌላ አንድ ቃል ቢጨምር እንባው ይቀድመው ነበር። ጥሏት ገባ።

ምርመራው በመሐንዲሱ የስብሰባ ክፍል ነበር፤ ሥራ አስኪያጁ፣ የደንበኛው ተወካይ፣ መርማሪው፣ ጥግ ላይ ቃለ ጉባኤ የምትጽፍ ልጅ፣ ከበሩ አጠገብ ወንድሟ። ጠረጴዛው ላይ ፎቶግራፍ ተዘርግቷል። ሴትዮዋ የለችበትም፤ እርጥብ ወለል፣ የተደፋ ባልዲ፣ አልጋው ብረት ላይ እንደ ተንጠለጠለ የቀረ ጨርቅ ብቻ። እሜቴ ሐመሩ ጨርቁን አየችው። ያኔ የጠራት ማንም አልነበረም፤ ራሷ ናት እጇን ያነሣችው።

«መዝገቡ ውሸት ነው» አለች። «አሮጌውን ሳልሰበስብ ነው የፈረምኩት። በማግስቱም ደውሎ ጠይቆኛል።»

«አልደወልኩም!» አለ ወንድሟ ከወንበሩ ተነሥቶ።

«ተቀመጥ» አለችው፤ በአራት ዓመቱ ትለው በነበረው ድምፅ። ተቀመጠ።

«ሲጠይቅዎ ምን አሉት?» አለ መርማሪው።

«ሀ አልኩት።»

ጸሐፊዋ ጣቷን ከመጻፊያው አነሣች። ልጅቷ ምንም አታውቅም፤ ሥራዋን ነው የምትሠራው። «ይቅርታ እማማ» አለች፣ «የትኛውን ልጻፍ? ሀሌታው ነው ሐመሩ?»

ሥራ አስኪያጁ አቀረቀረ፤ እሱም ገብቶታል። ሐመሩ ካለች ያዘዘችው ትክክለኛውን ነው፤ ሰምቶ ያጠፋው ጠምጣሚው ይሆናል። ሀሌታው ካለች ደግሞ እሱ የታዘዘውን ሠርቷል፤ የሟቿ ደም በእሷ ላይ ነው። እውነቱን ብትናገር ያን ቀን ከአፏ የወጣው ድምፅ ፊደል አልነበረውም። ልቧ ውስጥ የነበረው ሐመሩ ነው። በእጇ ባለፈ ወረቀት ላይ፣ ከዚያች አንዲት ፊርማ በቀር፣ ውሸት ተጽፎ አያውቅም።

ወንድሟ ራሱን በአሉታ እየነቀነቀ ያያታል። ከንፈሩ ሐመሩ በይ፣ ሐመሩ በይ ይላታል፤ ድምፅ ግን አያወጣም።

«ሀሌታው» አለች። «የመጀመሪያውን። እሱ ያዘዝኩትን ነው የሠራው።»

ቃለ ጉባኤው ታትሞ መጣላት። መነጽሯን አድርጋ ከላይ እስከ ታች፣ እንደማንኛውም ወረቀት፣ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ወንድሟ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፍኗል። እሷ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። «ሟች በሀኪም ቤቱ ወለል ላይ» ይላል። ደረት ኪሷ ውስጥ እጇን ከትታ ቀይ እስክሪብቶዋን አወጣች፣ ፊደሏን ሰረዘች፣ ከላይዋ አስተካክላ ጻፈች። ከዚያ ከታች ፈረመች።

«ሐኪም በሐመሩ ነው፣ ልጄ» አለቻት ለጸሐፊዋ።

የሳቀ ሰው አልነበረም።