ምሳ ያልነበረበት ሐሙስ

እኔን ብትሉኝ ማመልከቻ መጻፉ ቀላል ነው፤ ጉድ የፈላው በጉብኝቱ ቀን ነው። ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ውስጥ፣ ከወደቡ በላይ ባለው ዳገት፣ ብቻቸውን ለሚኖሩ አዛውንቶች ምሳ የምናበላ የሴቶች ማኅበር ነን፤ ሾርባውን የምሠራው እኔ ነኝ። ኪራዩ ስለናረብን ከወረዳው ድጎማ ጠየቅን። ከተፈቀደልን እንቀጥላለን፤ ካልተፈቀደልን ወሩ ሲያልቅ በሩን እንዘጋለን። እኔን የሚያስጨንቁኝ ደግሞ ጋሽ ዱማን ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ምድጃ ለኩሰው አያውቁም፤ እኛ ዘንድ ካልበሉ አይበሉም።

ከወረዳው የምትላክ ገምጋሚ ሐሙስ በምሳ ሰዓት መጥታ ሥራችንን በዓይኗ አይታ ትወስናለች ተባለ። ሊቀመንበራችን እትዬ ዮንጃ ይህን ስትሰማ ሐሳብ ገባት። ጫማው በር ላይ ተዝረክርኮ፣ ሽማግሌው ሁሉ ሾርባውን ፉት እያለ እንግዳ መቀበል ነውር ነው አለች። እኛም አበጀሽ አልናት። እንግዳ ሲመጣ ቤት ማጽዳት እንጂ ሌላ መች እናውቃለን! ረቡዕ ከሰዓት የሐሙሱን ምሳ ለየቤታቸው አደልንና፣ ለምን እንደሆነ ሳንናገር ነገ ማንም እንዳይመጣ ብለን አስጠነቀቅን።

ሐሙስ ቤቱ መስታወት መሰለ። ድስት የለ፣ እንፋሎት የለ፣ ሰው የለ። ገምጋሚዋ ለጋ ወጣት ናት። ጫማዋን አውልቃ ገባችና ተመጋቢዎቹ የት እንዳሉ ጠየቀች። እትዬ ዮንጃ፣ እርስዎን እንዳይረብሹ ቅሩ ብለናቸዋል ስትላት፣ ልጅቷ ብዕሯን አስቀመጠች። ያላየሁትን አየሁ ብዬ መጻፍ አልችልም አለች፣ በትሕትና። ወይ እኛ! በገዛ እጃችን ጉድጓዳችንን ቆፈርን።

በዚህ መሐል በሩ ተከፈተ። ጋሽ ዱማን በጨርቅ የተጠቀለለ ድስት ታቅፈው እያለከለኩ ገቡ። እንግዳ ይኑር አይኑር ግድም አልሰጣቸው።

«ማልሱን፣ ደህና ነሽ?» አሉኝ።

«ምን እሆናለሁ ብለው ነው ጋሼ?»

«ነገ አይምጡ ሲሉኝ ታመምሽ ብዬ ነዋ። ያንን ጨዋማ ሾርባሽን ሁለት ዓመት ስጠጣ አንድ ቀን እንኳ ቀርተሽ አታውቂም። የሩዝ አጥሚት ሠርቼልሻለሁ። ትንሽ አርሯል።»

እሳቸው፣ ምድጃ ለኩሰው! ከኋላቸው ደግሞ አትምጣ የተባለው ሁሉ ማን ታመመ እያለ ተንጠባጥቦ ገባ፤ አንዷ መድኃኒት፣ አንዱ ፖም ይዘዋል። በር ላይ ጫማ ተቆለለ። እትዬ ዮንጃ ልትሰበስበው ስትነሣ ገምጋሚዋ፣ ይተዉት ብላ ፎቶ አነሣችው። ከዚያ ተቀምጣ ያረረውን አጥሚት አብራን ጠጣች። ጋሽ ዱማን በሾርባዬ ላይ ያላቸውን ክስ አንድ ሳያስቀሩ ዘረገፉላት። እኔም ዝም አላልኩም፤ እንግዳ ፊት ተጨቃጨቅን። ልጅቷ እየሳቀች ትጽፋለች።

ድጎማው መፈቀዱ የተነገረን ዕለት ሽርጤን እንኳ ሳልፈታ ዳገቱን ሮጥኩ። ጋሽ ዱማን በራቸውን ከፈቱ። ፊቴን አይተው ምንም ሳልናገር ጠየቁኝ።

«ነገ ምሳ አለ?»

«አለ።»

«ከነገ ወዲያስ?»

«ዓመቱን ሙሉ አለ፣ ጋሼ።»

የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። እፎይ፣ ስንት ጭንቅ ነው የወረደልኝ! እኔም አጠገባቸው ተቀምጬ አለቀስኩ።