የአምባሰል ሽማግሌ አያመውም

ኑርዬ እንድሪስ ጤና ረዳት ነው እንጂ ተመራማሪ አይደለም። ይህን ሐይቅ ከተማ ላይ የማያውቅ አልነበረም፤ ከራሱ ከኑርዬ በቀር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ሰው ሁሉ ጓድ የተባለበት፣ ስብሰባ ከእህል የበዛበት። ታዲያ አንድ ቀን ከአዲስ አበባ ለጤና ጣቢያው ደብዳቤ መጣ። ስለ አረጋውያንና ሕመማቸው ስለማይድን ሰዎች እንክብካቤ ጉባኤ ስለሚደረግ ከየክፍለ ሀገሩ «አጽሕሮተ ጥናት» ይላክ ይላል።

«ምንድን ነው እሱ ደግሞ?» አለ ኑርዬ።

የጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ተሻለች መነጽሯን አወለቀች። «ጥናትህን በአንድ ገጽ ጠቅልለህ ላክ ማለት ነው። በመጀመሪያ ጥናት ሊኖርህ ይገባል። እሱን አልጻፉትም፤ መቼም የታወቀ ነው ብለው ይሆናል።»

ኑርዬ ሊስቅ ሲል ዓይኑ የደብዳቤው ግርጌ ላይ አረፈ። ጥናታቸው ለተመረጠላቸው ጣቢያዎች የሚጠጣ ብርቱ ማስታገሻ ለሙከራ ይላካል። ሳቁን ዋጠው። ጣቢያው ያለው አስፕሪን ብቻ ነው፤ አስፕሪን ይዞ ነቀርሳ የያዘው ሰው ቤት መግባት ደግሞ እንዴት እንደሚያሳፍር እሱ ያውቃል። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ደግሞ አባቱ አያ እንድሪስ አሉ። ክረምቱን ከመደብ ሳይነሱ ነው የከረሙት። ሆዳቸው ውስጥ ያለው እብጠት እንደማይድን ደሴ ወስዷቸው ሐኪሞቹ ቁርጡን ነግረውታል። እሱ በሄደ ቁጥር «አባዬ፣ ያምሃል?» ይላል። እሳቸውም «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ። ኑርዬም ያምናል። ምን ያድርግ፣ ማመኑ ይሻለዋል።

ያም ሆነ ይህ መድኃኒቱን ፈለገው። ጥያቄዎቹን በንጹሕ ወረቀት ጻፈና ወደ አምባሰል ወጣ። «ሕመም አለብዎ? ብርቱ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ ቀላል?» በጣም ኮርቶባቸዋል።

መጀመሪያ የደረሰው ከውጫሌ በታች አያ ሀምዱ ቤት ነው። የሽማግሌው እግር አብጦ ግንድ አክሏል።

«አያ፣ ያምዎታል?»

«አልሐምዱሊላህ! አንተ ደህና ነህ? ቤት ሰላም ነው? ከብቱስ? እናንተ ጋ ዝናቡ እንዴት ነው?»

ኑርዬ ስለ ከብቱም ስለ ዝናቡም መለሰ። ተጠያቂው ራሱ እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው። «እሺ፣ ብርቱ ነው ወይስ መካከለኛ?»

«ምኑ?»

«ሕመሙ።»

«የምን ሕመም? አልሐምዱሊላህ አልኩህ እኮ! አልሰማህም እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ሊሸኙት ብድግ ሲሉ ላብ በላብ ሆኑ። ኑርዬ ግን የሚጽፈው ቃላቸውን ነውና «ሕመም የለም» ብሎ ጻፈ።

በግሸን መንገድ ዳር የሚኖሩት እማማ የሺሀረግ ጡታቸው ላይ የማይሽር ቁስል አለባቸው። እሳቸውም «ክብር ምስጋና ይግባው፣ ምን ሆኜ ብለህ ነው! ለመሆኑ እህል ቀምሰሃል?» አሉት። አልቀመሰም ነበርና በግድ አበሉት። በየቤቱ እንዲሁ ሆነ። ሲመለስ ኑርዬ ወፍሯል፤ ወረቀቱ ላይ ግን ከላይ እስከ ታች «የለም፣ የለም፣ የለም» ነው።

ተሻለች አንብባ ስትጨርስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። «እንኳን ደስ ያለህ! አምባሰል ውስጥ የሚያመው ሽማግሌ የለም። ይህን ብንልክ ብርቱ ማስታገሻ ሊሰጡን ይቅርና ያቺኑ አስፕሪን ለሚያመው አገር አሳልፋችሁ ስጡ ይሉናል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? እነሱ አይናገሩም!»

«አባትህስ?»

«አባቴማ ደህና ነው። ራሱ ነግሮኛል።»

ተሻለች ሳቋን አቆመች። መነጽሯን አጠለቀችና «አያ ሀምዱም እኮ ነግረውሃል» ብላ ወረቀቱን መለሰችለት። ኑርዬ ስድቧን ለምዶታል፤ ይህ ግን ስድብ አልነበረም። በማግስቱ ወደ አርዲቦ ሄደ።

ሲደርስ ቤቱ በሰው ሞልቷል። የአገሩ ቅሬ፣ የሞተ የሚቀብረው የታመመ የሚጠይቀው ማኅበር፣ ለዱዓ ተሰብስቧል። እስላሙም ክርስቲያኑም አለ። ኑርዬ ከሰው ጀርባ፣ በሩ ጥግ ቁጭ አለ። ሼህ ሙዘይን እንደ ወጉ መዳፋቸውን ዘርግተው «አያ እንድሪስ፣ ምን ዱዓ እናድርግልዎ?» አሉ።

ለጠያቂ ደህና ነኝ ይባላል። ለአላህ ግን ማን ደህና ነኝ ይላል?

«ሌሊቱን አሳጥርለት በሉልኝ» አሉ አያ እንድሪስ። «ከሆዴ ተነስቶ ጀርባዬን ሲጨመድደኝ የሚነጋ አይመስለኝም። የጋቢዬን ጠርዝ ነክሼ ነው የማነጋው።»

«አሚን!» አለ ቤቱ።

«ለልጄ እንዳትነግሩብኝ አደራ። በእጁ ምንም የለው። ቢኖረውማ ሳልጠይቀው ይሰጠኝ ነበር። ያመኛል ብዬ ብነግረው እዚያ በር ላይ ቆሞ ከማልቀስ በቀር ምን ያደርጋል?»

«አሚን!» አለ ቤቱ። ኑርዬም አብሮ አሚን አለ፤ ድምፁ ግን ከሁሉ በላይ ወጣና ተሰበረ።

አያ እንድሪስ አንገታቸውን ቀና አደረጉ። «ኑርዬ ነህ እንዴ?»

«ነኝ አባዬ።»

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። «እኔ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ቤቱ በሳቅ አውካካ። ጎረቤታቸው አቶ ባዬ «ኸረ እንድሪስ፣ አሁንማ አለቀልህ!» አሉ። ኑርዬ እየሳቀ እያለቀሰ ሰውን ተሻግሮ ሄደና የአባቱን ጉልበት ሳመ።

«አፉ በለኝ አባዬ።»

«ለምኑ?»

«ስላመንኩህ።»

«አብሽር፣ አፉ ብያለሁ» አሉት፤ እጃቸው ራሱ ላይ ቆየ።

ኑርዬ የኮራበትን ወረቀት እዚያው ቀዶ እንደገና አምባሰልን ዞረ። አሁን ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ምን ዱዓ ላድርግልዎ?» ያን ጊዜ ጉድ ፈላ! አያ ሀምዱ ከብቱንም ዝናቡንም ረስተው ስለ እግራቸው ብቻ ሲያወሩ ፀሐይ አዘቀዘቀች። እማማ የሺሀረግ ግን መጀመሪያ በጥርጣሬ አዩት።

«አንተ እስላም አይደለህም እንዴ?»

«ነኝ እማማ።»

«ይሁና። እኔ ለማርያም ነግሬያታለሁ፤ አንተ ደግሞ በእናንተ በኩል ንገርልኝ። እንደ እሳት ነደዳት በል። ክንዷን ማንሳት አቃታት በል። ሁሉንም በል፣ እንዳትረሳ!»

ኑርዬ መጀመሪያ ዱዓውን አደረገ፣ ከዚያ ጻፈ።

ተሻለች ገጹን በታይፕ መታችው። የዘመኑ ደንብ ነውና ከግርጌ መፈክር መግባት ነበረበት፤ መፈክሩ ቦታውን ስለፈጀው የኑርዬ ስም ጠርዝ ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። ወረቀቱን በደሴ አውቶቡስ ላኩትና ይጠብቁ ጀመር። ኑርዬ አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ሥራ ጥሎ ይወጣል፤ ተሻለችም «ዛሬም ሽንኩርት ብቻ ነው የጫነው?» ትለዋለች።

መልሱ የመጣው እሱ ተስፋ ሊቆርጥ ሲል ነው። ጥናቱ ተመርጧል፤ ሆኖም «ዱዓ የተባለው የመጠየቂያ ዘዴ የየትኛው ምሁር እንደሆነ ይገለጽልን» ይላል። ተሻለች «የፕሮፌሰር ሙዘይን ብለህ መልስ» አለችው። ኑርዬ አልሰማትም። ከደብዳቤው ጋር የመጣችውን ትንሽ ካርቶን ታቅፎ አርዲቦ ለመድረስ እየሮጠ ነበር።

ማታ መድኃኒቱን አጠጣቸውና አጠገባቸው ተኛ። ሲነጋ ፀሐይ በሩን አልፋ ገብታለች፤ አባቱ ግን ገና እንቅልፍ ላይ ናቸው። ጎንበስ ብሎ የጋቢውን ጠርዝ ዳሰሰው። ደረቅ ነበር። እስኪነቁ ድረስ ንቅንቅ ሳይል ተቀመጠ።

«አባዬ፣ ያምሃል?»

«አልሐምዱሊላህ።»

ኑርዬ ይህን ቃል ድጋሚ ሊያምን ነው? መዳፉን ዘረጋ። «ምን ዱዓ ላድርግልህ?»

አያ እንድሪስ አሰቡ። ሆዳቸውን ዳበስ አደረጉ፤ ጣራውን አዩ። ከዚያ ልጃቸውን ከእግር እስከ ራስ ገላመጡት።

«ለኑርዬ ሚስት ስጠው በል! ጺምህ እኮ ሸበተ! እስቲ አሁን የእኔ ሕመም ነው የሚወራው?»

ኑርዬ መዳፉን እንደዘረጋ ፊቱን ሸፈነበት።

«ምነው፣ አሚን አትልም?» አሉ አባቱ።

«አሚን አባዬ» አለ።