የጃቪት ሱቅ የጎን ግድግዳ

ጃቪት ምድር ቤት የነበረውን ዳቦ ቤት ተከራይቶ ሶፋ መሸጫ ሊያደርገው ሲነሳ፣ የመዶሻው ድምፅ የተሰማን ማክሰኞ ጠዋት ነው። እኔ አራተኛ ፎቅ ነበርኩና ዕድሳት መሆኑን ገምቼ ሬዲዮዬን ከፍ አደረግኩ። ከእኔ በታች የሚኖሩት ወይዘሮ፣ ሙዘየን ሃኒም፣ ግን በነጠላ ጫማቸው ደረጃውን እየተንደረደሩ ወረዱ።

ሙዘየን ሃኒም ድሮም አርፈው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። በፈረንጆቹ ዘጠና ዘጠኝ እዚህ ቱርክ ጎልጁክ ላይ በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ እህታቸው ከነልጆቿ ካለቀች ወዲህ፣ ከባድ መኪና በመንገድ ባለፈ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ። ባላቸው ሪፋት፣ «መኪና ነው፣ ተቀመጪ» እያሉ አርጅተዋል።

ታች ሲደርሱ ለመንገዱ ፊቱን የሰጠው ግድግዳ ፈርሶ አልቋል። ሠራተኞቹ ወደ ጎኑ ዞረዋል።

«አቁሙ!» አሉ።

ጃቪት ከቅንድቡ ላይ አቧራ እየጠረገ መጣ። «ምነው አክስቴ፣ ረበሽንዎት? እስከ ምሳ ነው፤ ከዚያ ሻይ እጋብዝዎታለሁ።»

«ግድግዳውን ለምን ታፈርሰዋለህ?»

«ሶፋ እኮ ነው የምሸጠው! ሰው ከመንገድ ሆኖ ካላየው ማን ይገባል? ደግሞ ተራ ጡብ ነው፣ ምንም አልተሸከመም። ሕንጻውን የያዘው ኮለኑ፣ የኮንክሪቱ ምሰሶ ነው። ኮለን ነክቼ ከሆነ እጄን ይቁረጡት።»

«እህቴ ሕንጻ ሥር የነበረውም ባለ ሱቅ እንዲሁ ነበር ያለው።»

ጃቪት ትንሽ ደነገጠ። «ይሄኛው ሕንጻ ጠንካራ ነው፣ አክስቴ» አለ።

እሳቸው ግን ከጥግ አንድ ወንበር ጎትተው ጀርባቸውን ለጎኑ ግድግዳ ሰጥተው ተቀመጡ። «እንግዲህ ከነእኔ አፍርሱት።»

ከሠራተኞቹ አንዱ መዶሻውን መሬት ላይ አስደግፎ፣ «አለቃ፣ እኚህን እናት በየትኛው መዶሻ ነው የምናነሳቸው?» አለ። ሁሉም ሳቁ። ሪፋት ወርደው፣ «ኧረ ሙዘየን፣ ሰው ምን ይለናል?» ቢሏቸው፣ «አንተም ወንበር ፈልግና ቁጭ በል» አሏቸው። ሪፋት ወደ ላይ ወጡና ሹራባቸውን ይዘውላቸው ተመለሱ።

ማዘጋጃ ቤት ተደወለ። ሐሙስ ዕለት ፌራይ የምትባል ወጣት መሐንዲስ መጣች። የሕንጻው ሰው ሁሉ ሊሰማ ወረደ፤ እኔም ወረድኩ። ኮለኖቹን አየች፣ ጡቡን በጣቷ ቆርቆር አደረገችና ወደ ጃቪት ዞረች።

«መሬቱ ዝም ባለ ቀን ያልከው ልክ ነው» አለችው። «ጡቡ ፎቁን አይሸከምም። መሬት ወደ ጎን ሲገፋን ግን ነገሩ ሌላ ነው። ላይ ያሉት ፎቆች በሙሉ በግድግዳ ተወጥረዋል፣ እንደ ሳጥን ናቸው። እዚህ ታች ግድግዳ ከጠፋ፣ መወዛወዙ በሙሉ እዚህ ይጠራቀማል። ኮለኖቹ ጉልበታቸው ይከዳቸዋል።»

«ሰማህ?» አሉት ሙዘየን ሃኒም።

ፌራይ ወደ እሳቸው ዞረች። «ግድግዳውም ቢሆን የሚታመን አይደለም፣ አክስቴ። ከኮለኑ ጋር በደንብ ካልታሰረ ተገንጥሎ ሰው ላይ ይወድቃል። የቀረውን እንዳትነኩት፤ በብረት ይታሰር። የፈረሰውም ይመለስ። እስከዚያ ዕቃም ሰውም ከሥሩ ይራቅ።»

«ሶፋ ከግድግዳ ርቆ የሚቀመጠው የት አገር ነው?» አለ ጃቪት። እሷ ግን አልሳቀችም።

ጃቪት ክፉ ሰው አልነበረም፤ የሚሰማው ግን ግማሹን ብቻ ነው። የጎኑን ግድግዳ ማፍረሱን ተወ። እሱን በብረት ማሰሩንና የፊቱን መመለሱን ግን «ከበዓል በኋላ» አለና ከፊት መስታወት አቆመ። ሙዘየን ሃኒም በየጠዋቱ ወርደው መዳፋቸውን ጡቡ ላይ ያሳርፋሉ። «መቼ ነው?» ይላሉ። «ከበዓል በኋላ» ይላል። በዓሉ አለፈ፣ ሌላ በዓል መጣ። እኔም ሳላውቀው እንደ እሳቸው ሆንኩ፤ በር በኃይል ሲዘጋ ከወንበሬ ብድግ እል ጀመር።

አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከገበያ ስመለስ መንገዱ ማዶ ደርሼ ነበር። መጀመሪያ እንደ ከባድ መኪና ሆኖ መጣ፤ ግን አላለፈም። ቲማቲሜ መንገዱ ላይ ተበተነ። የመብራት ምሰሶ አቅፌ ሕንጻችንን አየሁት። ላይኛዎቹ ፎቆች ባንድ ላይ ሄዱ፣ ባንድ ላይ ተመለሱ። ታች ግን በመስታወቱ በኩል ያለው ጫፍ በግድግዳው በኩል ካለው የበለጠ ይሄድ ነበር፤ ሕንጻው ወገቡን እንደሚጠመዝዝ ሰው ዞረ። መስታወቱ ፈነዳ። የጎኑ ግድግዳ ከጥግ እስከ ጥግ በመስቀል ቅርጽ ተሰነጠቀ፣ ልስኑ ረገፈ፣ ከዚያ ላይኛው ግማሽ ወደ ውስጥ ተናደ። ከዚያ መንቀጥቀጡ ቆመ። ሕንጻው ወደ መንገዱ ትንሽ አዘንብሎ ቀረ።

ሰዎች እየተጯጯኹ ወጡ። ሪፋት ሚስታቸውን በክንዳቸው ይዘው ወረዱ። ሙዘየን ሃኒም ፊታችንን አንድ በአንድ አዩና፣ «ጃቪትስ?» አሉ።

መልስ ሳይጠብቁ ወደ ሱቁ አመሩ።

«አይግቡ! ይደግማል!» አላቸው አንዱ። መኪና ባለፈ ቁጥር ብድግ የሚሉት ሴት እጃቸውን ከባላቸው መንጭቀው ገቡ። ሪፋት ተከተሉ፣ እኔም ተከተልኩ። ጃቪት ግድግዳው ሥር በደረደራቸው ሶፋዎች መካከል ወድቆ ነበር፤ ከወገቡ በታች ጡብ ሞልቶበታል። ሙዘየን ሃኒም ጡቡን በባዶ እጃቸው እየወረወሩ፣ «ልጄ፣ አለህ? ተናገር!» ይላሉ። «አለሁ፣ አለሁ፣ ቀስ» አለ ከሥር። በሶፋ ትራስ ላይ አድርገን ጎትተን አወጣነው። ወዲያው መሬቱ ደገመ፤ የቀረውም ጡብ ወረደ።

ከእኛ ሕንጻ የሞተ የለም። በማግሥቱ ፌራይ ኮለኖቹን አይታ፣ የጎኑም ግድግዳ ፈርሶ ቢሆን ኖሮ ፎቆቹ ታች ቁጭ ይሉ እንደነበር ነገረችን። ሕንጻው ታሸገ፤ ሊፈርስ ተወሰነ። ሁላችንም በየዘመዱ ተበተንን።

እሑድ ከሙዘየን ሃኒምና ከሪፋት ጋር ጃቪትን ልንጠይቅ ሆስፒታል ሄድን። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ሙዘየን ሃኒም የምስር ሾርባ ይዘውለት በሩ ላይ ተገተሩ፤ መግባት አቃታቸው።

«ይግቡ እንጂ አክስቴ» አለ። «ግድግዳዎ እኮ እግሬን ሰበረው።»

«እኔ ነኝ ያስቀረሁት» አሉና እንባቸው ፈሰሰ።

«ባያስቀሩት አምስት ፎቅ ነበር የሚሰብረኝ። ራቅ በል ተብዬ ያልሰማሁት እኔ ነኝ። አሁን ርቦኛል።»

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሾርባውን ቀዱለት። ሊያጎርሱት ማንኪያው አፉ ጋ ሲደርስ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሾርባው ብርድ ልብሱ ላይ ተንጠባጠበ። አራታችንም ባንድ ጊዜ ወደ ጣሪያው አየን፤ ሪፋት የአልጋውን ብረት ጨበጡ።

«እጄ ነው» አሉ ሙዘየን ሃኒም። «እጄ ነው፣ ብላ።»