ውሃው ሲያንስ

ወንዙ ከድልድዩ በታች እየጎደለ መሄዱን መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ። ፈረሶቹን ላጠጣ ወርጄ ነበር። ሌላ ቀን ጉልበታቸው ድረስ የሚደርሰው ውሃ ዛሬ ሰኮናቸውን እንኳ በደንብ አልሸፈነም። ትንንሽ ዓሦች እርጥብ ድንጋይ ላይ ተጋድመው ይፈራገጣሉ። ቆሜ አየኋቸው። ፀሐይ ሲነካቸው ያምራሉ። ዓሣ ድንጋይ ላይ ምን ይሠራል ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ ግን ወዲያው አልመጣልኝም።

“ኦዴን፣ ደግሞ ከማን ጋር ነው የምታወራው?” አሉኝ ማስ ሬንፎርድ። የጋጣው አለቃ ናቸው፤ “ማስ” በእኛ ዘንድ እንደ “ጋሼ” ያለ የአክብሮት መጠሪያ ነው። ዳገቱ ላይ ሆነው ጧት የሠሩትን ፈረሶች ኮርቻ እያወረዱ ነበር።

“ውሃው ጎድሏል፣ ማስ ሬንፎርድ።”

“ምን ያጎድለዋል? ተራራው ላይ ከጧት ጀምሮ እየዘነበ?”

ይህን ካሉ በኋላ የተናገሩትን ራሳቸው ሰሙት መሰለኝ፣ የያዙትን ኮርቻ መሬት ላይ ጥለው ወደ ድልድዩ ሮጡ። እሳቸው ሲሮጡ አይቼ ስለማላውቅ እኔም ተከተልኳቸው።

ከድልድዩ በላይ ወንዝ የሚባል ነገር የለም፤ ሐይቅ ሆኗል። ዝናቡ ከተራራ ያወረደው ቀርከሃ፣ የሙዝ ግንድ፣ ከነሥሩ የተነቀለ ዛፍ፣ የአንዱ ምስኪን የዶሮ ቤት ጣሪያ ሳይቀር በድልድዩ እግሮች መካከል ተሰግስጎ ግድግዳ ሠርቷል። ከጀርባው ቡናማው ውሃ ዝም ብሎ ከፍ ይላል። ድልድዩ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በጫማዬ ሶል በኩል ተሰማኝ።

“ይሄ ሲለቅ…” አሉ ማስ ሬንፎርድ። አልጨረሱትም።

ወንዙ ባሕር ከመግባቱ በፊት ደረጃ በደረጃ የሚወርድበት ፏፏቴ አለ። እህቴ ካሜካ በዚያ ሰዓት እዚያ ላይ ናት። ጎብኚዎቹ ጧት ከእኛ ጋር በፈረስ ወደ ባሕር ይወርዳሉ፣ ከፈረሱ ጋር ይዋኛሉ፣ ምሳ ይበላሉ፤ ከዚያ እሷ ትረከባቸዋለች። እጅ ለእጅ ታያይዛቸውና ከባሕሩ ዳር ተነስታ ፏፏቴውን ወደ ላይ ታስወጣቸዋለች። ውሃ የበዛ ቀን በዳር በዳር ነው የምትወስዳቸው። ያነሰ ቀን ግን በመሐል ነው፣ በትልልቆቹ ድንጋዮች ላይ፤ እዚያ ፎቶው ያምራል፣ ሰዎቹም ይደሰታሉ። ውሃው ደግሞ እንደ ዛሬ አንሶ አያውቅም። ካሜ ደስ ብሏት በመሐል እየወጣች እንደሆነ ሳላያት አወቅሁ።

ደወልኩላት። ስልኳ ይጠራል፤ ግን ውሃ ውስጥ ስትገባ መቆለፊያ ሣጥን ውስጥ እንደምትተወው አውቃለሁ። ወደ ፏፏቴው መግቢያ በር ደወልኩ። እሱም ይጠራል። የምሳ ሰዓት ስለሆነ ዘበኞቹ የተጠበሰ ዓሣ የምትሸጠው ሴትዮ ዘንድ ተሰብስበው እየሳቁ ይሆናል። መኪናችን መኖ ልታመጣ ከተማ ወርዳለች።

“ዝንጅብልን ውሰድ” አሉ ማስ ሬንፎርድ። “ኮርቻ ያላት እሷ ብቻ ናት።”

“ዝንጅብልን? ማስ ሬንፎርድ፣ እሷ እኮ…”

“አውቃለሁ። በእግርህ ከመሄድ ግን ትሻላለች። ውጣ። እኔ እዚህ ሆኜ ስልክ እደውላለሁ።”

ዝንጅብል ፈረስ ነክተው ለማያውቁ ሰዎች የምትሰጥ ባዝራ ናት። ሕፃን ጀርባዋ ላይ ቢያለቅስ፣ ወፍራም ሰው ቢያዘነብልባት፣ ጆሮዋን እንኳ አታንቀሳቅስም። ዕድሜዋን በሙሉ በአንድ መንገድ ላይ፣ በአንድ አካሄድ፣ ከፊቷ ያለውን ፈረስ ጭራ እያየች ሄዳለች። አሁን ከፊቷ ጭራ የለም። በልጓሙ ጫፍ መታኋት፤ ግር ብሏት ሶምሶማ ጀመረች፤ ቀጥሎ፣ እግዜር ይስጣት፣ ጋለበች።

የቀርከሃውን ጫካ አልፈን የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ስንደርስ በድንገት ቆመች። ደረቴ አንገቷ ላይ ተላተመ።

ያ ቦታ ባሕሩ የሚታይበት ቦታ ነው። ፎቶ የሚነሳበት። ረገጥኳት፣ መታኋት፣ ለመንኳት። እሷ ግን ጭንቅላቷን ቀስ አድርጋ ወደ ግራ አዞረች፤ ካሜራው ዘወትር የሚቆመው በዚያ በኩል ነው። የምትጠብቀው ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ፎቶ አንሺያችን ላሴልስ በሦስቱም የፎቶ ቦታዎች የሚላት አንዲት ነገር አለች፤ ሳትዛነፍ፣ እንደ ጸሎት።

“ፈገግ በሉ” አልኩ። “አንዱ ለእናታችሁ። አንዱ ለእኔ። በጣም ቆንጆ።”

“በጣም ቆንጆ” ስል ተነቃነቀች።

ለሁለተኛው ቦታ ብልጥ ልሁን ብዬ ገና ሳንደርስ ቃሉን በሩቁ ጮህኩላት። አልሆነም። መጀመሪያ መቆም አለባት። ቆመች፣ አንገቷን አዞረች፣ ጠበቀች። እኔም በሰው አልባ ጫካ መሐል፣ ላብና እንባዬ ተደባልቆ፣ ፈገግ በሉ አልኩ። ለእናታችሁ ስል የእኛ እናት ትዝ አለችኝ፤ በዚያ ሰዓት ገበያ ላይ ጃንጥላዋ ሥር ተቀምጣ ድንችና ካሳቫ ትሸጣለች፣ ምንም አታውቅም።

ሦስተኛው ቦታ ላይ ቆመን ሳለ ከኋላችን፣ ከኮረብታው ወዲያ፣ ብዙ መኪና በአንድ ጊዜ ድንጋይ ሲያራግፍ የሚሰማ ዓይነት ድምፅ መጣ። ወፎቹ በሙሉ ከዛፍ ተነሱ። ቃሉን ጨርሼ ማለቴን አላስታውስም። ዝንጅብል ግን ሄደች፤ ወንዙ ኮረብታውን ዞሮ ነው የሚወርደው፣ የእኛ መንገድ ያቋርጣል።

ባሕሩ ዳር ስንደርስ ላሴልስ የለውዝ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ዓሣውን ይበላል፤ ካሜራው በአንገቱ፣ ፊሽካው በካሜራው ላይ ተንጠልጥሏል።

“ፈረስ ወደዚህ አይገባም” አለኝ አፉን ሞልቶ። “ደግሞ መንገድ ጠፋብህ?”

“ደራሽ እየመጣ ነው። ካሜ የት ደረሰች?”

“የምን ደራሽ? ውሃው እኮ ደርቋል። ዛሬ ፏፏቴው የሰው ቤት ደረጃ ሆኗል፤ አክስቴን በተረከዝ ጫማ አስወጣት ነበር። አንተ ልጅ ፈረስ ላይም ትተኛለህ ማለት ነው?”

“ላሴልስ፣ ውሃውን ድልድዩ ነበር የያዘው። አሁን ለቋል።”

ማኘኩን አቆመ። ፊቴን አየ። ከዚያ እጁ ወደ ፊሽካው ሄደ።

“አትንፋ” አልኩት፤ “ፊሽካ ሲሰሙ ባሉበት ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት።”

ወደ ላይ አየሁ። ካሜካ ቢጫ ሸሚዟን ለብሳ ከፊት፣ ሰዎቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ከኋላዋ፣ ፏፏቴው መሐል፣ ልክ እንደፈራሁት። ብጮህም አትሰማም፤ ውሃው ቢያንስም ጩኸቱ አላነሰም። ዝንጅብልን ፏፏቴው ሥር ወዳለው ኩሬ ነዳኋት፤ ፈረስ ገብቶበት የማያውቅ ውሃ ውስጥ፣ የመጀመሪያው ድንጋይ ሥር ድረስ። ካሜ ፈረስ ስታይ ድምፄ የሚሰማበት ድረስ ወረደችና እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

“አብደሃል? ያቺን አሮጊት ከውሃዬ አውጣልኝ” አለች።

“ካሜ፣ ውሃው ያነሰው ድልድዩ ጋ ስለተዘጋ ነው። ተለቋል።”

እግሯ ሥር ያለውን ውሃ አየች። ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ወደ ሰዎቹ ስትዞር ፊቷ ላይ ሳቅ ነበር፤ ያንን ሳቅ ከየት እንዳመጣችው እስከ ዛሬ አላውቅም።

“ውዶቼ፣ ፎቶ አንሺያችን የፀሐዩ ብርሃን በቀኝ በኩል ይሻላል እያለ ነው። ቶሎ ቶሎ ወደ ቀኝ። አንቺ ቆንጆ፣ ባልሽን አትጠብቂው፣ ይደርስብሻል። እንዲህ ነው። ቶሎ።”

ዝንጅብልን አሸዋው ላይ ትቼ ከላሴልስ ጋር በቀኝ በኩል ወጣን። አንድ በአንድ ተቀበልናቸው። አንዳንዶቹ ይስቃሉ፤ አንዷ ፎቶው በነፃ ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ወደ ላይ፣ ወደ ዛፎቹ ገፋናቸው። የመጨረሻው አዲስ የጎማ ጫማ ያደረጉ ትልቅ ሰውዬ ነበሩ። የካሜን እጅ ጨብጠው ይዘዋል፤ አይለቁም።

“እስከ ጫፍ እንዳትለቁ ብለሻል” አሏት እየሳቁ።

“አባባ፣ አሁን ፈቅጄልዎታለሁ።”

“ጫፍ ላይ ነን እንዴ? እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ።”

“አባባ፣ በእናትዎ።”

በዚያች ቅጽበት ውሃው ውስጥ ቅጠል መጣ፣ ቀጥሎ ጭራሮ፣ ቀጥሎ ድምፁ። ካሜ ባላት ኃይል ሁሉ በሁለት እጇ ሰውዬውን ገፋቻቸው። ላሴልስ ሸሚዛቸውን ያዘ፣ እኔ ክንዳቸውን ያዝኩ። ቀና ስል ፏፏቴ የለም። ኮረብታው ራሱ ተነስቶ የሚሄድ ይመስል ነበር፤ ጭቃ፣ ቀርከሃ፣ ግንድ። ቢጫ ሸሚዝ የለም።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን አስቤ አላደረግሁትም። ወንዙ የሚጥለውን ሁሉ ባሕሩ ወደ ምሥራቅ እንደሚወስድ አውቃለሁ፤ ጎብኚዎች የሚጥሉት ጫማና ባርኔጣ ሁሌም ወደዚያ ነው የሚሄደው። ዝንጅብል ላይ ወጥቼ በአሸዋው ጋለብኩ። ባሕሩ ግማሹ ሰማያዊ፣ ግማሹ ቡና በወተት መስሏል። ከሩቅ፣ በግንዶቹ መካከል፣ ቢጫ ነገር ብልጭ ብሎ ጠፋ።

ዝንጅብል ያለ ማመንታት ባሕር ገባች። ለምዳዋለች። መሬቱ ከሥሯ ሲያልቅ መዋኘት ጀመረች፤ ትንፋሿ በአፍንጫዋ ፉት ፉት ይላል፤ ግንድ ሲመጣባት በጎን ታልፈዋለች። ጋማዋን ይዤ ቢጫውን እያየሁ ነበር። እየቀረብን ነበር። በእውነት እየቀረብን ነበር።

ባሕሩ ውስጥ መልሕቅ የታሰረበት ነጭ ጀሪካን ተንሳፍፎ ይታያል። ጎብኚዎቹን ይዘን ስንዋኝ የምንመለሰው ከሱ ላይ ነው። ዝንጅብል እዚያ ስትደርስ ዞረች።

ልጓሙን በሁለት እጄ ጎተትኩ። አንገቷ ታጠፈ፣ አካሏ ግን ወደ ዳር ይሄዳል። ለመንኳት። ፈገግ በሉ አልኳት፣ በጣም ቆንጆ አልኳት፣ ስድብም ሰደብኳት። ባሕር ውስጥ ቃል የለም፤ ጀሪካን አለ፣ መመለስ አለ፣ በቃ። ከኋላዬ ቢጫው ነገር እየራቀ ነበር።

ከጀርባዋ ተንሸራትቼ ወረድኩ።

ዋናተኛ አይደለሁም። ባሕሩ ዳር ተወልዶ ዋና የማይችል ሰው የለም ይላሉ፤ እኔ እችላለሁ፣ ግን ፈረስ አጠገቤ ሲኖር ነው። ቦት ጫማዬ ወደ ታች ይጎትተኛል። ጭቃ ጠጣሁ። ሁለት ጊዜ አቅጣጫ ጠፋብኝና ዝንጅብል ወደ ዳር የምትዋኝበትን አይቼ በተቃራኒው ዞርኩ። ካሜን ያገኘኋት በዓይኔ ሳይሆን በእጄ ነው፤ ግንድ መስሎኝ የያዝኩት ነገር ትከሻዋ ነበር። የሙዝ ግንድ ላይ በደረቷ ተኝታለች። አንድ ክንዷ መሄድ በሌለበት በኩል ታጥፏል። ከንፈሯ ነጭ ነው።

“ካሜ።”

ዓይኗን ገለጠች።

“ጫማህን አውልቅ፣ ደደብ” አለችኝ።

አወለቅሁ። ከዚያ የምናደርገው ሌላ ነገር አልነበረንም። ግንዱ ሁለታችንን በደንብ አይችልም፤ ስደገፍበት ይሰምጣል፣ ስለዚህ አንድ እጄን ብቻ አሳርፌ በእግሬ እቀዝፋለሁ። ዳሩ እየቀረበ ሳይሆን እየራቀ ነበር። ሰዎቹ አሸዋው ላይ ይሯሯጣሉ፣ ሁሉም የሚያዩት ወደ ፏፏቴው ነው። ማንም ወደ እኛ አያይም። እጄን ባነሳ እሰምጣለሁ፣ ባላነሳ ማንም አያየኝም። ካሜ ዓይኗን መልሳ ጨፈነች።

“አትተኚ” አልኳት።

“እያሰብኩ ነው። አንተ ብቻ ነህ እንዴ የምታስበው?”

እግሬ መንቀሳቀስ እያቆመ ነበር። በዚህ ሁኔታ ብንሞት ለእናታችን ገበያ ላይ ማን ይነግራታል እያልኩ ነበር። ዝንጅብል ባዶ ኮርቻዋን ይዛ አሸዋው ላይ ስትወጣ አየሁ። ሰዎቹ ወደ እሷ ዞሩ። አንዱ፣ ላሴልስ መሆን አለበት፣ ኮርቻውን ነካ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ባሕሩ አየ፣ ከዚያ ወደ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባዎች መሮጥ ጀመረ። ሞተሩ አልነሳ አለ። እንደገና ሞከሩ፤ አልነሳም። ገመዱ ሲጎተት የሚያሰማው ድምፅ በውሃው ላይ እየመጣ ይጠፋል። ከዚያ ተነሳ።

ጀልባው ላይ ሲያወጡን ካሜ አንዴ ብቻ ጮኸች፣ ክንዷን ሲነኩት። ከዚያ ወለሉ ላይ አልተኛም ብላ ቀና ብላ ተቀመጠች።

“ሰዎቹ ወጡ?” አለችኝ።

“ሁሉም ወጥተዋል።”

“ቆጠርካቸው?”

ጀልባው ዳር ሊደርስ ሲል ጤናማ እጇን የጀልባው ጠርዝ ላይ አድርጋ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች መቁጠር ያዘች። ሰዎቹ ግን እያለቀሱ ይተቃቀፋሉ፣ ይለያያሉ፣ አንዱ ከሌላው ጀርባ ይገባል። መሐል ላይ ጠፋባት። እንደገና ጀመረች። እንደገና ጠፋባት።

“አንድ ቦታ የሚቆም የለም” አለች፤ ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰበረ። “ሞተሩን ቀስ አድርገው፣ ልቁጠር።”

ዓሣ አጥማጁ ሞተሩን አቀዘቀዘው። ካሜ እንባዋን በትከሻዋ ጠርጋ ከአንድ ጀመረች።