ያልተቀመጠችበት አሥራ አምስት ደቂቃ

የእግር ክሊኒኩን ቴክኒሻን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም «አሥራ አምስት ደቂቃ» ይሉታል። ስኳር ያለባቸውን ሰዎች እግር በሙቀት ካሜራ የሚያነሳው እሱ ነው። አንዱ እግር ላይ ከሌላው የሞቀ ቦታ ከታየ፣ ቁስል ሳይወጣ ይደረስበታል። ካሜራው እንዳይሸወድ ግን በሽተኛው ጫማና ካልሲውን አውልቆ፣ ሃያ ሁለት ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ አሥራ አምስት ደቂቃ መቀመጥ አለበት። ደንቡን አርቅቆ ግድግዳ ላይ የለጠፈው ራሱ ነው። ሚኒስትር ቢመጣ እንኳ ንቅንቅ አይልም። ነርሶቹ «እንቁላል ነው እንዴ የምትቀቅለው?» እያሉ ያሾፉበታል።

በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው ታላቅ እህቱ የመጣች ዕለት ግን ወኔው ከዳው። ከፀሐይ ላብ በላብ ሆና ገባች፤ ሰው መሃል ባዶ እግሯን መቀመጡም አሳፈራት። የእሷ ማፈር አንጀቱን በላው። በጓሮ በር አስገብቶ ወዲያው አነሳት። ሁለቱም እግሮቿ ከፀሐዩ ሙቀት ገና ስላልበረዱ ካሜራው ላይ እኩል ቀልተው ታዩ። «ደህና ናት» ብሎ፣ መዝገቡ ውስጥ የቆይታ ጊዜ በሚለው ቦታ ላይ 15 ጻፈ።

በሦስተኛው ሳምንት እህቱ ተረከዟ ቆስሎ ተመለሰች። ሐኪሟ ፎቶውን ደጋግማ አየችውና፣ እሱ በሰዓት እንደማይቀልድ አገር ያውቃል፣ ይህን ያህል ተቀምጠውም የሞቀው ቦታ ካልታየ መቀመጡ ምን ይፈይዳል አለች። ለክሊኒኮች ሁሉ ከሚላከው የጋራ መመሪያ ላይ ቆይታው እንዲሰረዝ ልትጽፍ ብዕሯን አነሳች። እሱ ደግሞ ያ ቆይታ ከተሰረዘ የስንት ሰው ቁስል ሳይታይ እንደሚታለፍ ያውቃል።

እህቱ ፊቱን አይታ ነገሩ ገባት።

«ቁጭ ብያለሁ እኮ ዶክተር፣ ሙሉውን። እሱ ምን ያጥፋ?»

በዚህ ዕድሜዋ ለእሱ ስትል ስትዋሽ ሲሰማ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«አልተቀመጠችም» አለ አንገቱን ደፍቶ። «አሥራ አምስት ብዬ በውሸት የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብዕሯን አስቀምጣ መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጠችው። ሁለት መቶ ሰው፤ ከሁሉም ስም ፊት ያው 15 ተጽፏል።

«እነዚህስ?»

እነዚያ እውነት ነበሩ፤ አንዱንም አላጭበረበረም። ሊምል አፉን ከፈተ፤ የእህቱን በፋሻ የተጠቀለለ እግር ሲያይ ግን መሐላው ከእንግዲህ እንደማይታመንለት ገባው።

«ሁሉንም መልሰን እንጥራቸው» አለ በመጨረሻ። «ሰዓቱን ግን ሌላ ሰው ይያዝ።»